ከመጨረሻው ስንኝ በፊት

ሬዲዮው ዘፈኑ መሃል ድንገት ዝም አለ። ወደ ሮዝዌል፣ ጓደኛዬ ቤት ለምሳ እየነዳሁ ነበር። መኪናዬ አሮጌ ናት፤ ሬዲዮዋም አንዳንዴ እንደ ግትር በቅሎ ስለሚቆም እንደ ልማዴ በመዳፌ መታ አደረግኩት። ወዲያው ያ ወጣት ዘፋኝ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ፣ የቀረችውን አንዲት ስንኝ ዘፍኖ ጨረሰ። ወደ እኛ ቋንቋ ሲመለስ «ጥጥ አልነበረም» ይላል ስንኙ።

ለዓመታት ካንትሪ የሚሉት የገጠር ዘፈናቸው ሲመጣ ጣቢያ እቀይር ነበር፤ የዚያን ቀን እጄ እንዴት እንደ ዘገየ አላውቅም። ከዘፈኑ በኋላ የሬዲዮው ሰውዬ ተናገረ። ዘፈኑን የጻፈው ሽማግሌ በዚያ ሳምንት ማረፉን ነገረን። ቀጥሎም፣ ከመጨረሻው ስንኝ በፊት ያለችውን ዝምታ በዚህ አካባቢ ጊታር የያዘ ልጅ ሁሉ ከእሱ እንደ ወረሳት፣ ሽማግሌው ግን ለምን እዚያ ላይ እንደሚያቆም ሲጠየቅ ፈገግ ከማለት በቀር አንድም ቀን መልስ እንዳልሰጠ አወራ።

እኔ ግን አውቃለሁ። መጀመሪያ ያገኘሁት ነዳጅ ማደያ ገብቼ ፓርክ አደረግኩና ፊቴን በሁለት እጄ ሸፈንኩ። ማንም ሳያየኝ አፈርኩ። ይገርምሻል፣ ልጄ፣ ሰው በዚህ ዕድሜው ብቻውን መኪና ውስጥ ተቀምጦ ያፍራል? ያፍራል። ጆሮው ድረስ ያፍራል።

አንቺ ያኔ አልተወለድሽም። በእነሱ አቆጣጠር ሰማንያዎቹ ውስጥ ነው፤ ከሱዳን ከመጣን ገና ዓመት አልሞላንም። እኔና ጓደኛዬ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ፣ ኢስት ፖይንት፣ አንዲት ጠባብ አፓርትመንት ተጋርተን እንኖር ነበር። አውሮፕላኖች ከጣሪያችን በላይ ባለፉ ቁጥር መደርደሪያው ላይ ያሉት ሳህኖች ይንጫጫሉ። ሆኖም አንማረርም ነበር፤ የምንበላው በእነሱው ነበርና። ሁለታችንም የምንሠራው ለመንገደኞች ምግብ በሚያዘጋጅ አንድ ትልቅ ኩሽና ውስጥ ነበር። ትሪው በሚንቀሳቀስ ቀበቶ ላይ ይመጣል፤ እኔ ቅቤና ዳቦ አስቀምጥበታለሁ፤ እሷ ሹካና ቢላውን በናፕኪን ጠቅልላ ታስከትላለች። የቀዘቀዘ ዶሮና የወለል ሳሙና ሽታ ከልብሳችን አይለቅም ነበር። ዛሬም ሆስፒታል ገብቼ ያ ሳሙና ሲሸተኝ ቅቤ ላነሳ እጄን እዘረጋለሁ።

እሱ ሹፌር ነበር። ሳጥኗ ወደ ላይ የምትነሳዋን የጭነት መኪና እየነዳ ምግቡን አውሮፕላኑ በር ድረስ የሚያደርሰው እሱ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጆሮው ሁልጊዜ ፀሐይ እንደ በላው የሚቀላ ነጭ ሰው ነበር። ከደቡብ በኩል ካለች አንዲት የጥጥ ፋብሪካ ከተማ የመጣ ነው፤ ሲናገር ቃላቱን ስለሚጎትታቸው ጥቁር አሜሪካውያኑ የሥራ ባልደረቦቻችን እንኳ ይቀልዱበት ነበር።

ዘፋኝ መሆኑን ያወቅነው በማቀዝቀዣው ክፍል ነው። ግድግዳው ብረት፣ በሩ ወፍራም፣ ውስጡ እንደ ዋሻ የሚያስተጋባ ክፍል ነበር። መኪናው እስኪጫን እዚያ ይገባና በሩን ገርበብ አድርጎ ይዘፍናል። ማንም የማይሰማው መስሎት ነው፤ የእኛ ቀበቶ ግን የሚያልፈው ከዚያው ግድግዳ ሥር ነበር። እንግሊዝኛዬ ያን ጊዜ ከ«የስ» እና ከ«ሶሪ» ብዙም አይርቅም። ካንትሪ የሚባለውንም ነገር በስሙ አላውቀውም። ሰውዬው ግን ድምፁን ይስበዋል፣ ይለቀዋል፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ ትንሽ ይሰብረዋል። ይህንን ደግሞ ማንም ሳይተረጉምልኝ አውቀዋለሁ። ሆዴ ይባባል። ትሪዎቹ ቅቤ ሳይዙ ያልፉኛል።

«አንቺ፣ ትሪው አለፈሽ» ትለኛለች ጓደኛዬ። «ልብሽ ብርዱ ክፍል ገብቶ ቀረ እንዴ?»

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት አንጀቴን የምትበላውን ዘፈን ምን እንደምትል በእጅ በእግር ጠየቅኩት። እሱም ቃል እንደማይበቃኝ ገባው። ከግድግዳው ላይ የመድኃኒት ሣጥኑን ከፈተ፤ ከእንክብል ጠርሙስ አፍ ላይ የምትቀመጠውን ጥጥ አወጣና ብጥስጥስ አድርጎ ፀጉሩ ላይ በተናት። እናቱ ማለት ነው። እጆቹን እያመላለሰ የሚሽከረከር የፈትል ማሽን አሳየኝ። ከዚያ በልጅ ቁመት ጎንበስ ብሎ እፍ አለ፤ ጥጡ በነነ። እሱና ወንድሞቹ ማታ ማታ እናታቸው ከፋብሪካ ስትመለስ ተሰልፈው ፀጉሯ ላይ ያለውን ጥጥ እፍ እያሉ ያራግፉላት ነበር ለካ፤ ጨዋታቸው ነበር። ከዚያ አንድ ማታ እፍ አለ፤ አልሄደም። እንደገና እፍ አለ። መዳፉን ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ ራሱን ነቀነቀ። ጥጥ አልነበረም።

ገባኝ፤ ባይገባኝ ይሻል ነበር። እናቴ ፈታይ ናት። ሻሿን ፈታ ስታደርግ የፈትሉን ብናኝ ከፀጉሯ የማራግፍላት እኔ ነበርኩ። ትቻት ስወጣ ፀጉሯ ጥቁር ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ምን እንደ መሰለ የሚነግረኝ አልነበረም። ፈረንጁ ፊት ማልቀስ ደስ ስላላለኝ ተነስቼ ወደ ቀበቶው ሮጥኩ።

በዚያው በጋ አንድ ወሬ መጣ። ቅዳሜ አመሻሽ ላይ፣ ሁልጊዜ በሚዘፍንባት ባቡር ሐዲዱ ዳር ባለችው ቢራ ቤት፣ የዘፋኞቻቸው ከተማ ከሆነችው ከናሽቪል አንድ ትልቅ ሰው ሊሰማው ይመጣል ተባለ። ሸክላ የሚያስቀርጽ፣ ሰው ከመሬት አንስቶ ሬዲዮ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው ነው። ሹፌሩ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ኩሽናውን ከዳር እስከ ዳር እየዞረ፣ እባካችሁ ኑና አጨብጭቡልኝ ብሎ ለመነን። ሚስቱ ይህ ካልተሳካ ጊታሩን እንዲሰቅል እንደ ነገረችው፣ እሱም ቃል እንደ ገባላት ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ ቅዳሜ ለእሱ የሞት ሽረት ነገር ነበረች።

እኔና ጓደኛዬ ሳምንቱን ሙሉ ስንመክር ሰነበትን። ጭብጨባን ማንም ያጨበጭባል፤ ጭብጨባ ምን ዋጋ አለው? እኛ አገር ዘፋኝ ሆድሽን ካባባው ትነሻለሽ፣ መድረኩ ድረስ ትሄጃለሽ፣ ግንባሩ ላይ ብር ትለጥፊለታለሽ። አንዱ ሲሸልም ሌላው አንሶ ላለመታየት ይከተላል፤ ቤቱ በአንዴ ይሞቃል። ብር ሳይለጠፍበት የወረደ ዘፋኝ ወይ እሱ አልዘፈነም፣ ወይ እኛ አልሰማንም። የናሽቪሉ ሰውዬ ይህን ሁሉ ሰው ተሰልፎ ሲሸልመው ቢያይ ፈጥኖ እንደሚያስፈርመው ቅንጣት ታህል አልተጠራጠርንም። እንዲያውም ፈረንጆቹ ይህ ብልሃት እንዴት እንዳልታያቸው ገርሞን ነበር።

«አንቺ ጀምሪ፣ እኔ እከተላለሁ» አለችኝ ጓደኛዬ።

«ትከተያለሽ?»

«እመቤቴን። ከኋላሽ ነኝ።»

ቢራ ቤቱ ስንደርስ ፀሐይዋ ገና አልገባችም፤ በመስኮቱ ገብታ የወለሉን ጣውላ ቀይ አድርጋዋለች። ቤቱ ቢራ የጠጣ እንጨትና የተቀቀለ ለውዝ ይሸታል። ሰዉ ሁሉ ጂንስና የሥራ ጫማ ነው ያደረገው። እኛ ለሠርግ እንደ ተጠራ ሰው ነው የለበስነው፤ እኔ ከካርቱም ይዤው የመጣሁትን የሚያብረቀርቅ ቀሚስ፣ ጓደኛዬ ደግሞ ተረከዙ ጣት የሚያህል ጫማ። ስንገባ አንገት ሁሉ ዞረ። ከኩሽናው ሰዎች የመጡት ነጮቹ ሹፌሮች ብቻ ነበሩ። ከእኛ በቀር ጠቆር ያለ ሰው እዚያ ቤት እንደሌለ ያየነው ከተቀመጥን በኋላ ነው። ጥቁሮቹ ባልደረቦቻችን ለምን አንሄድም እንዳሉ ያን ጊዜ ገባኝ። ቢሆንም ተነስቶ መውጣት የባሰ መሰለንና ኮካኮላ አዘዝን።

የናሽቪሉ ሰውዬ ፊት ለፊት ብቻውን ተቀምጧል፤ ነጭ ሸሚዝ፣ ትልቅ ቀለበት፣ ሰዓቱን ማየት የሚወድ ሰው። የሹፌሩ ሚስት ጥግ ላይ የጠረጴዛውን ጠርዝ በሁለት እጇ ጨብጣ ተቀምጣለች። ባሏ መዝፈን ሲጀምር ጠረጴዛው ሊበርባት የፈለገ ይመስል ነበር አያያዟ። እሱ ጥሩ ዘፈነ። ባቡር ሲያልፍ ቤቱ ይንቀጠቀጣል፤ እሱም ከባቡሩ ጋር አብሮ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ሰዉ ያጨበጭባል። ሰውዬው ግን ሰዓቱን ያያል።

በመጨረሻ የእናቱን ዘፈን ጀመረ። ቤቱ ረጋ። ላቡ በግንባሩ ላይ ያብለጨልጭ ነበር። ልጆቹ ሲሰለፉ፣ እፍ ሲሉ፣ ሲስቁ ይዘፍናል፤ እኔም ቃል በቃል ባልሰማውም የት እንደ ደረሰ አውቃለሁ። እንባዬ መጣ። ጓደኛዬ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። አሁን ነው፣ ማለቷ ነው።

ተነሳሁ። በጠረጴዛዎቹ መሃል ያን የሚያብረቀርቅ ቀሚሴን እያንሿሿሁ ሄድኩ። አንዷን ዶላር ዘርግቼ በምላሴ አርጥቤ፣ መድረኳ ዝቅ ያለች ስለነበረች ወጣሁና ግንባሩ መሃል ላይ አስቀምጬ እንዳትወድቅ በመዳፌ ጫን አደረግኳት። የግንባሩ ሙቀት ዛሬም መዳፌ ላይ አለ።

ቆመ። ድምፁም፣ ጊታሩም፣ የሰዉ ትንፋሽም ቆመ። ከዶላሩ ሥር ዓይኖቹ አፍጥጠው አዩኝ። ልንገርሽ፣ እኔ ያን ጊዜም አልገባኝም። እንባዬን እየጠረግኩ ዞሬ ጓደኛዬን ጠበቅኳት። ከወንበሯ አልተነሳችም። ወንበሩ ላይ የበቀለች መሰለች። ሌላም የተነሳ ሰው የለም። ከኋላ አንድ ወንድ የሆነ ነገር ተናገረ፤ አንዱ ሳቀ፤ ከዚያ ቤቱ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉ በላይ የሳቀው የናሽቪሉ ሰውዬ ነው። ጠረጴዛውን እየደበደበ፣ እስኪያስለው ድረስ፣ ዓይኑን በመሐረብ እየጠረገ ሳቀ። ሚስትየዋ አልሳቀችም። ከጥግ ሆና አየችኝ፤ ያንን አስተያየት ተሸክሜ ነው የኖርኩት።

የቤቱ ባለቤት ልታስወጣኝ ወደ መድረኩ ስትመጣ ሹፌሩ አንድ ጣቱን አንስቶ አስቆማት። ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀ። ከዚያ ዶላሩ ግንባሩ ላይ እንዳለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ያቺን የቀረች ስንኝ ዘፈናት። እኔ ግን ስንኟን የሰማሁት በሩ ላይ ሆኜ ነው። ጓደኛዬ የረሳሁትን ቦርሳዬን ይዛ፣ በዚያ ጫማ እየተንገዳገደች፣ ሐዲዱ ጋ ደረሰችብኝ።

«እግሬ እምቢ አለኝ» አለችኝ። ቦርሳዬን ተቀብያት መንገዴን ቀጠልኩ።

ሰኞ ዕለት የቀበቶው ኃላፊ ሴትዮ ጠርታ አስረዳችኝ። ደግ ሴት ነበረች፣ እንዳልደነግጥ ቀስ እያለች ነው የነገረችኝ። እዚህ አገር ለዘፋኝ ገንዘብ የሚሰጠው ከፊቱ በተቀመጠ ማሰሮ ውስጥ ተጥሎ ነው፤ የሰው ፊት ላይ መለጠፍ ለማኝ ነህ እንደ ማለት ነው፤ ያውም በዚያ ቤት፣ ያውም እንደ አንቺ ያለች ልጅ፣ አለችና ዓይኗን ወደ ቀበቶው መለሰች። ያላለችውም ገባኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ሲባል እሰማ ነበር፤ ምን ማለት እንደሆነ ያን ቀን ነው ያወቅኩት። ሳምንቱ መጨረሻ ላይ ደግሞ ጓደኛዬ የፈራሁትን ወሬ አመጣች። የናሽቪሉ ሰውዬ ሹፌሩን ሳይወስደው ሄዷል።

ኃላፊዋን ለምኜ ዕቃ ወደሚታጠብበት ክፍል ተዛወርኩ። እዚያ እንፋሎት ብቻ ነው፤ ማንም ማንንም አያይም። አንድ ቀን ሹፌሩ ኮፍያውን በእጁ ይዞ በሩ ላይ ቆመ፤ ዓይኑ ይፈልገኛል። ከማጠቢያው ማሽን ጀርባ ገብቼ፣ ቀሚሴ በላብና በእንፋሎት ተጣብቆብኝ፣ እስኪሄድ ተሸሸግኩ። ማታ ጓደኛዬ፣ ሹፌሩ ንገሪልኝ ብሎ ምስጋና እንደ ላከልኝ ነገረችኝ። ልታጽናናኝ የፈጠረችው ነው ብዬ ተቆጣኋት። የሰውን ዕድል የሰበርኩ ሰው ምስጋና ከየት ይመጣልኛል? ብዙም ሳልቆይ መሃል ከተማ፣ ሚድታውን፣ ሆቴል ውስጥ ሥራ አገኘሁና ኢስት ፖይንትን ለቀቅኩ።

እሱ አልለቀቀም። ጓደኛዬ ወሬ ስለማታጣ እየቆየች ትነግረኛለች። ጊታሩን አልሰቀለም አሉ፤ ሚስቱም በኋላ ነገሩን ተወችለት። ቀን ይነዳል፣ ቅዳሜ ይዘፍናል። ከየገጠሩ ጊታር ያንጠለጠሉ ልጆች ይመጡበት ጀመር። ድምፃቸውን ራሳቸው እንዲሰሙት ያን ማቀዝቀዣ ክፍል እያስገባ ያስዘፍናቸው ነበር አሉ፤ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ፣ አትቸኩሉ እያለ። ከልጆቹ አንዳንዶቹ ከዚህ እስከ አላባማ ድረስ ስም አወጡ። እኔ ይህን ስሰማ አንዴም ደስ አላለኝም። ያ ሰው የገጠር ልጅ አስተማሪ ሆኖ የቀረው በእኔ ነው እያልኩ ጣቢያ እቀይር ነበር።

እና ሬዲዮውን በሰማሁበት በዚያ እሁድ፣ ነዳጅ ማደያው ውስጥ ሆኜ ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ። እሷም ሰምታ ኖሯል።

«ለቅሶው ትሄጃለሽ» አለችኝ። «እኔ ድራይቭ አደርጋለሁ። ይህን ሁሉ ዘመን ሃይድ አደረግሽ፤ ኢናፍ።»

አሜሪካኖች ሬሳን አስውበው፣ ሣጥኑን ከፍተው፣ ተሰልፈው ነው የሚሰናበቱት። እኛ ብንሆን ገና ከበሩ እንጮህ ነበር። እነሱ ቀስ ብለው ያወራሉ፤ ይስቃሉም። ሰልፉ ውስጥ ጊታር የያዙ ወንዶች ብዙ ነበሩ፤ አንዳንዶቹ ራሳቸው ሸብተዋል። ጓደኛዬ ከኋላ ወንበር ላይ ቀረች፤ እኔ በሰልፉ ሙሉ አንዲት ዶላር በመዳፌ ጨብጬ ነበር። ለምን እንደያዝኳት ብትጠይቂኝ አላውቅም፤ ምናልባት ያን ቀን የፈለግኩትን ሰው ሁሉ እንዲያውቅልኝ ነው።

ሚስቱ ከሣጥኑ ጎን ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ፀጉሯ ነጭ ሆኗል። በኩሽናው አብሬው እሠራ እንደ ነበር ልነግራት ስጀምር እጄን ያዘችና መዳፌን ገልብጣ አየችው። ዶላሯ ላብ ይዟት መዳፌ ላይ ተጣብቃለች።

«ይቺ እጅ ናት?» አለችኝ።

አንገቴን ደፋሁ። የያን ቀኑ አስተያየቷ መጣብኝና ልሸሽ ፈለግኩ፤ እሷ ግን እጄን አልለቀቀችም። ያን ቀን ሁሉ ሰው ከሄደ በኋላ የናሽቪሉ ሰውዬ ለባሏ የውል ወረቀት እንዳቀረበለት ነገረችኝ። እወስድሃለሁ፣ ግን ያቺን የዶላር ነገር በየዘፈኑ እናደርጋታለን፤ ልጅት ቀጥረን እናስለጥፍብሃለን፤ አገር ይስቃል አለው። እሷም እዚያው ነበረች፤ ፈርም እያለች ባሏን በእግሯ ትነካው ነበር።

«እያለቀሰች የሰጠችኝን ማሳቂያ አላደርገውም አለ» አለችኝ። «ወረቀቱን መለሰለት። እኔ አንድ ዓመት ሙሉ ተቆጣሁት። በኋላ ግን ያ ዘፈን ላይ ሲደርስ፣ አንቺ የቆምሽበትን ያህል፣ ዝም ማለት ጀመረ። ለልጆቹም እንደዚያው አስተማራቸው። ተው ብለው አይሰማኝም ነበር።»

ስፈራ የኖርኩት እውነት ነበር፤ ሰውዬው በእኔ ምክንያት ናሽቪል አልገባም። እኔ እንፋሎት ውስጥ ተሸሽጌ ራሴን ስረግም፣ እሱ የእኔን እንባ ማንም እንዳይስቅበት አድርጎ አስቀምጦልኝ ኖሯል። በሩ ላይ ኮፍያውን ይዞ የቆመው ይህንኑ ሊነግረኝ ነበር። ድሮ ያፈርኩት ሰው ስለሳቀብኝ ነው። ያን ዕለት ግን ሬሳው ፊት ያፈርኩት እፍረት ሌላ ነበር፤ እሱ እስከ ዛሬም አለቀቀኝም።

ወደ ሣጥኑ ቀረብኩ። ዶላሯን በምላሴ አርጥቤ ግንባሩ ላይ አስቀመጥኳትና በመዳፌ ጫን አደረግኳት። ቀዝቃዛ ነበር፤ የዚያ የብርዱ ክፍል ግድግዳ ነበር የሚመስለው። እጄን ሳነሳ ዶላሯ ተንሸራታ ወደ ጆሮው ወረደች። ላብ የለማ፤ ምኑ ይያዛት? እንደገና ሞከርኩ፤ እንደገና ወረደች። ከኋላዬ ያለው ሰልፍ ፀጥ አለ። ሚስቱ ከወንበሯ እየተደገፈች ተነሳች፤ አውራ ጣቷን ከጉንጯ እንባ ላይ ነካ አድርጋ የዶላሯን ጀርባ አረጠበችውና ቦታዋ መለሰቻት። ያዘች።

አልተንቀሳቀስኩም። ማንም አልሳቀም። ከዚያ በዚያ ሁሉ ዝምታ መሃል የቦርሳ መቆለፊያ ቀጭ ሲል ከኋላዬ ሰማሁ። ዞሬ ማየት አላስፈለገኝም፤ ጓደኛዬ ናት፣ ተነስታለች።